በርክክብ ላይ አንቱ የለም

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከሁለቱም ፈረቃ የመጣችሁ፣ ከፈረቃ ሾልካችሁ የመጣችሁም ጭምር፤ እንደምን ዋላችሁ። ከሁሉ በፊት ይህን ዝግጅት ላሰባችሁልኝ፣ አዳራሹን በፊኛ ላሸበረቃችሁት፣ ኬኩ ላይ ተርባይን ለመሳል ለሞከራችሁት ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። ኬኩ ላይ ያለው እንኳ ቬንትሌተር ነው የሚመስለው። ግድ የለም፣ እሱም ይዞራል።

የአስተዳደር ኃላፊያችን ቅድም በጆሮዬ «እባክዎ አጠር ያድርጉት» ብሎኛል። ልጄ፣ አላሳጥረውም። ለምን እንደማላሳጥረው አንተም ታውቃለህ። ያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ እስኪናገር ድረስ ከዚህ መድረክ የሚያወርደኝ የለም።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ለመጣችሁ እንግዶቻችን ነገሩን ላስረዳ። እኔ እዚህ ቆሜ አበባ ስቀበል፣ ከዚህ አዳራሽ ጀርባ፣ ከማቀዝቀዣው ማማ ማዶ፣ አዲሷ ሦስተኛዋ ማሽን እየተነሳች ነው። አሁን፣ እኔና እናንተ ስናወራ። በዚህ ሳምንት ሁለቴ አስነስተናት ሁለቴም ጠፍታብናለች። የአቅራቢው ድርጅት ሰዎች ሻንጣቸውን ዘግተው ነገ ሊሄዱ ነው። ዛሬ መስመር ካልገባች፣ ማለትም ከአገሪቱ የመብራት መስመር ጋር ካልተገናኘች፣ በሸራ ተሸፍና የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ትጠብቃለች። ለእኔ ደግሞ ዛሬ የመጨረሻ ቀኔ ነው። ከነገ ጀምሮ ካርዴን በሩ ላይ ባስነካው አይከፍትልኝም።

ታዲያ በዚህ ሰዓት እኔ የት መሆን ነበረብኝ? መቆጣጠሪያ ክፍል። የት ነው ያመጣችሁኝ? ኬክ አጠገብ። የጥሪው ወረቀት ታትሟል፣ አዳራሹ ተይዟል፣ ቀኑ አይቀየርም ተባልኩ። ለማሽኗ ግን የጥሪ ወረቀት አልደረሳትማ! ንግግሬ ሲዘባረቅ የምትሰሙት እርጅና እንዳይመስላችሁ። ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ መጥተውብኝ፣ የትኛውን ቀድሜ እንደማስተናግድ ቸግሮኝ ነው።

አሁን እኔ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ተተኪዬ ናት። ሁላችሁም ዝምታ ነው የምትሏት፣ እኔም እንደዚያው ልበላት። ጎበዝ መሐንዲስ ናት፤ ችግሯ ከጠዋት እስከ ማታ ከአፏ የሚወጣው ቃል በጣት መቆጠሩ ነው። ሰው ስትፈልግ እንደኛ በድምፅ ማጉያ አትጣራም፤ ግቢውን ሙሉ አቋርጣ ሄዳ ትከሻውን ነካ ታደርገዋለች። ዛሬ ወደዚህ ስመጣ ግን አንድ ነገር አስማልኳት። መስመር ከገባች በስልክ እንዳትነግሪኝ፣ በድምፅ ማጉያው ንገሪኝ፣ ሁሉም ይስማ አልኳት። ፊቷ ልክ ጥርስ ልታስነቅል እንደተቀመጠች ሰው ሆነ። ራሷን ነቀነቀች፤ መስማማቷ ይሁን እምቢታዋ እስካሁን አልገባኝም። ለዚህ ነው ዓይኔ ከዚያ ግድግዳ የማይነቀለው።

እስከዚያ ላጫውታችሁ። እትዬ ባዶ የምትሉኝ ለምን እንደሆነ አዲሶቹ ታውቃላችሁ? ከኋላዬ ስትሉት ሰምቻለሁ፣ አትደንግጡ። ስሙን የሰጠችኝ አማቴ ናት።

አማቴ አንድ ቀን ልጇን፣ ማለትም ያንን ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚስቀውን ባለቤቴን፣ ሚስትህ ሥራዋ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። እሱ የቋንቋ መምህር ነው፤ ቃል ያበዛል። ተርባይን አለ፣ ኮንደንሰር አለ፣ ሲያቅተው ጊዜ «በቃ እማዬ፣ ባዶ ትጠብቃለች» አላት። አማቴ ብዙ አሰበችና «ለባዶም ዘበኛ ይቀጠራል እንዴ?» አለች። እሱ ሆዬ ይህን መጥቶ ለእናንተ አወራ፤ እኔም ይኸው በዚያው ቀረሁ።

ግን ነገሩን ካያችሁት አማቴ የጠየቀችው ትልቅ ጥያቄ ነው። እንፋሎቱ በመሬት ሙቀት ፈልቶ ከጉድጓድ ይወጣል፣ የተርባይኑን ክንፎች ይገፋል፣ ተርባይኑ ጄኔሬተሩን ያዞራል፣ መብራት ይበራል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ያውቃል። ገፍቶ የጨረሰው እንፋሎትስ የት ይሄዳል? እዚህ ላይ ነው እኔ የምመጣው።

ኮንደንሰር የሚባል ትልቅ ሆድ ውስጥ ይገባል። እዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ከላይ ይረጭበታል። ይሄን ጊዜ ክፍል ሙሉ ሆኖ ሲንጎማለል የነበረው እንፋሎት ተመልሶ ውሃ ይሆንና አንድ ባልዲ እንኳ አይሞላም። ሞልቶት የነበረው ቦታስ? ባዶ ይቀራል። ባዶ ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ ይስባል። ከኋላ ያለውን እንፋሎት በተርባይኑ በኩል ና፣ ና፣ ቶሎ ና ይለዋል። መሬት ከወዲያ ይገፋል፣ ባዶው ከወዲህ ይስባል፣ ተርባይኑ መሀል ላይ ይሽከረከራል። ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው የሚገፋውን ነው። ባዶው ባይኖር ግን ከመብራታችን ግማሹን ያህል ባጣን ነበር።

እስቲ በቋንቋችን ባዶ መልካም ስም አለው? ባዶ ሆድ እንላለን፣ ባዶ እጅ እንላለን፣ ባዶ በርሜል ብዙ ይጮኻል እንላለን። ባለቤቴ ይህችን የመጨረሻዋን ለእኔ ነው የሚያውላት። እኔ ግን በዚህ ግቢ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራዬን ያበላኝ ባዶ ነው፤ ስሙን ማንም እንዲያጠፋብኝ አልፈልግም።

የፎሙን ታሪክ የምታስታውሱ አላችሁ? እጅ አየሁ። አንድ ጊዜ የባዶው መለኪያ ቀስት ትንሽ ትንሽ እያለ ይወርድ ጀመር። መብራቱም አብሮ ቀነሰ። ሁሉም ጣቱን ጉድጓዱ ላይ ቀሰረ፤ ጉድጓዱ ደክሟል፣ አርጅቷል ተባለ። ቆፋሪው የምንለው የጉድጓዶቹ ኃላፊ የገዛ ልጁ የተሰደበ ያህል አኮረፈ። ከሁለታችን ጋር ብቻ ነበር ለተወሰነ ጊዜ ሰላም የሚባባለው፤ ከእኔና ከጉድጓዱ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሌላ ቧንቧ ሲቀደድ ይንጠባጠባል፣ ያፏጫል፣ መሬቱን ያረጥባል፣ ይታያል። ባዶ ሲቀደድ ግን የሚወጣ ነገር የለም፤ የሚገባ ነው እንጂ። አየር እንደ ሌባ ሹልክ ብሎ ይገባል፤ አየር ደግሞ በውሃ ቢረጩት ውሃ አይሆንም፣ ቦታውን ይዞ ቁጭ ይላል። ይህን ሌባ በዓይን አታዩትም። እኛ የምንይዘው በፂም መላጫ ፎም ነው። በየመገጣጠሚያው ትቀባላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፣ ቀዳዳ ካለ ፎሙ ወደ ውስጥ ይሰምጣል።

ግዢ ክፍል ሄጄ የፂም መላጫ ፎም ግዙልኝ ብዬ ጠየቅኩ። ልጁ፣ እዚያ ጥግ ተቀምጧል፣ ኬኩን ቀድሞ የቆረጠው፣ ቀና ብሎ አየኝና «ለማን ነው እትዬ?» አለኝ። ለኮንደንሰሩ አልኩት። «ኮንደንሰሩ ፂም አለው?» አለኝ። የመሣሪያ ግዢ ውስጥ አይገባም፣ የቢሮ ዕቃም አይደለም፣ የጽዳት ዕቃም አይደለም ተባልኩ። እኔስ ማንን ፈርቼ? ቤቴ ሄጄ የባለቤቴን አመጣሁት። ቀባን ቀባን፤ የመግቢያው መክደኛ ጋ ስንደርስ ፎሙ እንደ ሕፃን ጉንጭ ስርጉድ አለ። ቆፋሪው ያን ቀን እንዴት እንደጨፈረ አልነግራችሁም፤ ዛሬ የልጅ ልጆች አሉት። ባለቤቴ ግን ሳይላጭ ትምህርት ቤት እየሄደ፣ ተማሪዎቹ መምህር ታመዋል ብለው ብርቱካን ይዘው ቤት ድረስ መጡ። ዛሬ ግን ተላጭቶ ነው የመጣው፤ አጨብጭቡለት።

ኧረ ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ። ቆይ፣ ዝም በሉ።

«ነጭ መኪና በር ላይ ያቆማችሁ፣ እባካችሁ አንሱ፤ የውሃ ቦቴው መግባት አልቻለም።» ይኸው ነው? ዘበኛችን፣ ምነው በቁሜ ልትገድለኝ ነው? ነጭ መኪና የማን ነው? የአስተዳደር ኃላፊያችን ነዋ። ሂድ አንሳ ልጄ፤ ንግግሩ ይረዝማል ብዬሃለሁ፣ ስትመለስም ታገኘኛለህ።

የት ደረስኩ? አዎ። እንግዶቻችን፣ መቆጣጠሪያ ክፍላችን ስትገቡ ግድግዳው ላይ በትልቁ የተጻፈውን አይታችሁ ስቃችኋል አሉ። «በርክክብ ላይ አንቱ የለም» ይላል። ይህን የጻፍነው ባለጌ ስለሆንን አይደለም። ሰዋስው ማሽን አጥፍቶብን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ሥራ ፈረቃ ሲቀየር የሚረከበው ሰው ቀስቱን ያያል፣ ማሽኑን ያዳምጣል፣ ከዚያ ሁለት ቃል ይናገራል፤ ይዣለሁ፣ ሂድ። ሴት ከሆነች፣ ይዣለሁ፣ ሂጂ። ይህን ሳይሰማ ቦታውን የሚለቅ ሰው የለም። ቤቱ ሠርግ ቢሆን አይለቅም፣ ጥርሱን ቢያመው አይለቅም።

ድሮ ጋሼ ቀስቱ የምንላቸው የፈረቃ አለቃ ነበሩን። ከመለኪያው ላይ ዓይናቸውን ስለማያነሱ ነው ስሙ የወጣላቸው። አንድ ቀን የሚረከባቸው አለቃ ገባ፤ በጣም ጨዋ ሰው፣ ለድመት እንኳ መንገድ የሚለቅ። ጋሼ ቀስቱ ማማው ጋ ወጥተው ስለነበር በድምፅ ማጉያው ተናገረ። እሳቸውን ሂድ ማለት ከበደው፤ እንዴት አባቴ የሚሆኑ ሰው ሂድ እላለሁ ብሎ፣ አክብሮ፣ «ይዣለሁ፤ ይሂዱ» አለ።

ይሂዱ። አሁን ንገሩኝ፤ ማን ነው የሚሄደው? እሳቸው ናቸው ወይስ ሁሉም? ግቢው ውስጥ ያለው ሠራተኛ በሙሉ ሁሉም ይሂዱ ማለቱ ነው ብሎ ሰማው። የሚተኳቸውን ሰዎች የያዘው አውቶቡስ ገና አልደረሰም። የፓምፑ ሰው ኮቱን አነሳ፣ የቫልቩ ሰው ተከተለው፣ የማማው ሰው እየሮጠ ወረደ። አንድ ሰው ብቻ ነው ያልሄደው፤ እሱም ጋሼ ቀስቱ። ማሽን ሲያዳምጥ የኖረ ጆሯቸው ድምፅ ማጉያውን አልሰማም። አንዱን ለማክበር የተባለች ቃል ሁሉንም ሸኝታ፣ የተባለችለትን ሰው አስቀረች። የማቀዝቀዣው ውሃ ፓምፕ ቆመ፣ የሚያስነሳው ሰው የለም፣ ባዶው ተበላሸ፣ ማሽኖቹ ተራ በተራ ጠፉ። ሠራተኛው አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ቆሞ የመንገዱ መብራት ሲጠፋ አይቶ፣ የገዛ መሥሪያ ቤቱን፣ መብራት ኃይልን፣ ሲያማ ነበር።

ለባለቤቴ ማታ ስነግረው ከሳቁ የተነሳ ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። ለተማሪዎቹ የአክብሮት አነጋገር ሲያስተምር እስከ ጡረታው ድረስ ይህን ነበር ምሳሌ የሚያደርገው። እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንብ አወጣን። በርክክብ ላይ አለቃም አንተ ነው፣ ሽማግሌም አንተ ነው፣ እኔም አንቺ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ እንኳ አንድ በዓል ቀን ፈረቃ ሊይዙልን ገብተው፣ የቫልቩ ሰው ይዣለሁ ሂድ ሲላቸው ቀጥ ብለው ሄደዋል።

ዝምታ ግን ይህን ደንብ አንድም ቀን አልፈጸመችውም። ስትረከበኝ ቀስቱን ታያለች፣ ታዳምጣለች፣ «ይዣለሁ» ትላለች። ከዚያ በአገጯ ወደ በሩ ታሳየኛለች። ጨርሺዋ እንጂ እላታለሁ። አገጯን ደግማ ወደ በሩ ትቀስራለች። አንድ ቀን ደረቅኩባት፤ ሂጂ ካላልሽኝ ንቅንቅ አልልም ብዬ ቦርሳዬን አቅፌ ቁጭ አልኩ። ብዙ ከተጨነቀች በኋላ «እትዬ፣ እርስዎን አንቺ ከምል ያንን ቫልቭ በጥርሴ ባዞረው ይሻለኛል» አለችኝ። ምን ትሏታላችሁ? አባትና እናቷ አሳድገዋታል። ስለዚህ በደንቡ ካያችሁት፣ ዝምታ ከተረከበችኝ ቀን ጀምሮ እኔን ማንም አላሰናበተኝም። ይኸው እስካሁን ፈረቃ ላይ ነኝ።

አሁን ወደ ሦስተኛዋ ልምጣ። ኧረ ምነው ዝም አለ ያ ድምፅ ማጉያ? ግድ የለም፣ ታሙቃት፣ ቀስ ብላ ታሙቃት።

ከጉድጓዱ የሚወጣው እንፋሎት ብቻ አይደለም፤ አብሮት ፍል ውሃ ይመጣል። እንፋሎቱን ለይተን ለአንደኛውና ለሁለተኛው ተርባይን እንሰጣለን። ውሃውንስ? ስንት ዘመን መልሰን መሬት ውስጥ ስንከተው ኖርን። እጅ የሚልጥ ውሃ! ያ ሁሉ ሙቀት! በየስብሰባው እጄን አወጣ ነበር። «ስለ ውሃው» ብዬ ስጀምር ሰዉ ወረቀቱን መሰብሰብ ይጀምራል፤ ስብሰባው አለቀ ማለት ነው። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ «እትዬ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው» አሉኝ። እኔ አልወቅጠውም፣ ሙቀቱን ብቻ ልቀበለው ነው የምለው አልኳቸው። ሳቁና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። እኔ ግን አላለፍኩም፤ ደግሞ ማን ያሳልፈኛል? አንድ ጊዜ ነገር ከያዝኩ እንዴት እንደምነዘንዝ ባለቤቴ ይመስክር።

ልጄ ሕፃኗን ይዛ እኛ ቤት የሰነበተች ጊዜ፣ ባለቤቴ ጡጦውን ሙቅ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ አቁሞ አየሁት። ያውልህ፣ ሙቀት መለዋወጫ ሠራህ አልኩት። ውሃው ወተቱን አይነካውም፣ ወተቱም ከውሃው አይቀላቀልም፤ ሙቀቱ ብቻ በጡጦው ግድግዳ ይሻገራል። እዚያ ማዶ ያስተከልነውም ይኸው ነው፤ ጡጦው ረጅም ሆነና ሆዱ በቀጫጭን ቧንቧዎች ተሞላ እንጂ። በቧንቧዎቹ ውስጥ ፍል ውሃችን ያልፋል። በውጭ በኩል ደግሞ በመዳፍ ሙቀት እንኳ የሚፈላ ፈሳሽ አለ። እሱ ፈልቶ ተን ይሆንና ሦስተኛዋን ያዞራታል፤ ከዚያ በትልልቅ ማራገቢያዎች ቀዝቅዞ እንደገና ፈሳሽ ይሆንና ተመልሶ ይመጣል። ውሃው ሙቀቱን አበድሮ ሳይሆን ሰጥቶ ወደ መሬቱ ይገባል። ምን ያምራል መሰላችሁ! የመጀመሪያ ቀን ቧንቧው ላይ እጄን ሳሳርፍ፣ በአንዱ ጫፍ ትኩስ በሌላው ጫፍ ለብ ያለ ሆኖ ሳገኘው፣ ማንም ሳያየኝ ሳምኩት። አሁን አወቃችሁብኝ።

ታዲያ ለምን ሁለቴ ጠፋች? ስትነሳ ደህና ናት። ፍጥነቷ ሲጨምር ኮንደንሰሯ ውስጥ ያለው ግፊት ከልክ ያልፍና ራሷን ታጠፋለች። ውስጧ አየር አለ ማለት ነው። ከየት ገባ? አሮጌዎቹ ባዶ ስላላቸው ይስባሉ። ይህቺ ግን ስትሠራ ወደ ውጭ ነው የምትገፋው፤ በምን በኩል ይገባባታል? እኛ የባዶ ጠባቂዎቹ እንደ ልማዳችን ፎማችንን ይዘን ቀኑን ሙሉ ዞርናት። ፎሙ አልሰመጠም፣ አልተነፋም፣ ዝም ብሎ ደረቀ። ከአቅራቢው ሰዎች ጋር ተጯጯህን። ማሽኗ ናት አልናቸው፣ ሰዎቻችሁ ናቸው አሉን። እኔም በቃ ሸራውን አምጡ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

ዝምታ ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? ዛሬ ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ብቻዋን መጥታ ፎም ቀባቻት። እኔ ስገባ እጇ እስከ ክርኗ ነጭ በነጭ ሆኖ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «እትዬ፣ ይቺ ማሽን ባዶዋን የምትይዘው ስትተኛ ነው» አለችኝ። ከአፏ እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ሰምቼ አላውቅም። ገባኝ፤ ቆማ ስትበርድ ተኑ ወደ ፈሳሽነት ይመለስና ውስጧ ይጎድላል፣ ያን ጊዜ ትስባለች። ፀሐይ ሲወጣ ትተወዋለች። እኛ የዞርናት ቀን፣ እሷ የምትስበው ጠዋት። ሄጄ አየሁት፤ ከላይኛው ቫልቭ ሥር ፎሙ ስርጉድ ብሏል። ማሸጊያው ከውስጥ ሲገፋ የሚጠብቅ፣ ወደ ውስጥ ሲሳብ ግን የሚላላ ሆኖ ነው። ቀየርነው፣ አየሩን አስወጣን፣ ፈተሽናት። እና ልናስነሳት ስንል ኬክ ቀረበ ተብዬ ተጠራሁ።

የኦፕሬሽን ኃላፊያችን፣ ስልክህን አይተህ ራስህን ስትነቀንቅ አይቼሃለሁ። ምንድን ነው? እስካሁን መልስ የለም? ከበሩ አጠገብ የተቀመጥከው ለምን እንደሆነም አውቃለሁ። ልሂድ ወይ እያልክ ነው? ቁጭ በል። እኔም እንደምታየኝ እግሬ ወደ በሩ ዞሯል፣ ጫማዬን ተመልከተው። ልቤ እዚያ ነው። እየፈራሁ ነው፤ ምኑን እደብቃችኋለሁ? ብትጠፋስ? ለሦስተኛ ጊዜ ብትጠፋ ያቺ ልጅ በእኔ ቀን ጠፋች ብላ ስንት ዓመት ትሸከመዋለች?

ግን አልሄድም። ምክንያቱን ሙያችን ራሱ ነግሮኛል። እኔ አሁን ያንን በር ከፍቼ ብገባ ማን ነኝ? አየር ነኝ። ቦታ ይዤ ቁጭ ነው የምለው። ዓይኗ ከቀስቱ ተነስቶ ወደ እኔ ይዞራል፣ እጇ እኔን ይጠብቃል። ወንበሬ የግድ ባዶ መሆን አለበት። ባዶ ካልሆነ እሷን የሚስባት የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ባዶ ስጠብቅ ኖሬ፣ በመጨረሻው ቀን እኔው ራሴ ገብቼ አላበላሸውም።

ስለዚህ ድምፅ ማጉያው ተናገረም አልተናገረም ልጨርስ ነው። የአስተዳደር ኃላፊያችን፣ መኪናህን አንስተህ ተመልሰሃል፤ ደስ ይበልህ፣ ተሸንፌልሃለሁ። ከገባች የእናንተ ናት፤ ካልገባችም የእናንተ ናት፤ ነገ ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ፎም ይዛችሁ ውጡ። ፎም ከጠፋ ባለቤቴ ጋ ደውሉ።

በሉ ተነሱና ልመርቃችሁ፤ ኬኩን አስቀምጡት። ጤና ይስጣችሁ። ጉድጓዳችሁ አይድከም፣ ቀስታችሁ አይውረድ። ያኮረፈ ባልደረባ አይኑራችሁ፤ ካለም እንደ ቆፋሪው ጨፍሮ ይታረቅ። ልጆቻችሁ መብራቱ ሥር አጥንተው ለቁም ነገር ይብቁ። አውቶቡሳችሁ አይዘግይ። ቤታችሁ ይሙላ፣ ኮንደንሰራችሁ ባዶ ይሁን። ስትነሱ የምትተዉት ወንበርም ሰው የሚስብ ይሁን። አሜን በሉ እንጂ፣ በነፃ ነው።

ቆይ። ቆይ፣ ቆይ፣ ተንኮሻኮሸ። ይህን የማወራበትን ሞንታርቦ ዝጉት። ዘበኛው ከሆነ ዛሬ አልምረውም።

«ለሁሉም ክፍሎች። ሦስተኛዋ መስመር ገብታለች።»

ዝምታ ናት! የዝምታ ድምፅ ነው! ገባች፣ ሰማችሁ፣ ገባች! አታጨብጭቡ፣ እባካችሁ አታጨብጭቡ፣ አልዘጋችውም፤ ትንፋሿ ይሰማል።

«እትዬ። ይዣለሁ።»

አዎ ልጄ። ጨርሺዋ። እዚያ ሆነሽ አገጭሽ አይታየኝም፤ ጨርሺዋ።

«ሂጂ።»

አያችሁ? በሰው ሁሉ ፊት አንቺ አለችኝ። ኮቴን አቀብሉኝ እስቲ። ባልደረቦቼ፣ በደንቡ ተሰናብቻለሁ፤ በሉ ደህና ሁኑ፣ ልሂድ።